የእመጓው ደራሲ የቆጠራቸው ዛፎች

ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴን አብዛኛው የአማርኛ አንባቢ የሚያውቃቸው በ«እመጓ» ነው። መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እኔ የምህንድስና ተማሪ ነበርኩ፤ ዶርም ውስጥ ተራ ይዘን ነው ያነበብነው። ደራሲው ሌላ ትልቅ ሥራ እንዳላቸው ያወቅኩት ግን ከዓመታት በኋላ፣ ለሥራ ጉዳይ የደን ካርታ መረጃ ስፈልግ ነው። አንዱን ጥናት ስከፍት «ዋሴ» ይላል። ሌላውን ስከፍት «ዋሴና ሌሎች» ይላል። የውጭ ሰው የጻፈውን ስከፍት ደግሞ ዋቢው ላይ ያው «ዋሴ» አለ። እኚሁ ሰው የደን ሥነ ምህዳር ተመራማሪ ናቸው። ከጣና በስተ ምሥራቅ ባለው በደቡብ ጎንደር የአብያተ ክርስቲያናት ደኖችን ዛፍ በዛፍ ለክተዋል፤ አፈሩን ቆፍረው ዘር ቆጥረዋል፤ ችግኝ አጥረው ጠብቀዋል።

ስለ ልቦለዳቸው ብዙ ተብሏል። እኔ መጻፍ የፈለግኩት ስለ ቆጠራው ነው። ምክንያቱም ቆጠራው የነገረን ነገር፣ ሁላችንም አይተነው የማናውቀውን አደጋ ነው።

አረንጓዴ ነጠብጣቦች

ሶፍትዌር ነው የምሠራው፤ የሳተላይት ምስል ላይ አፍጥጦ መዋል ከሥራዬ አንዱ ነው። ከባሕር ዳር በወረታ አድርጎ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣውን አገር ከላይ ብታዩት፣ የሚታየው ቡናማና ቢጫ የእርሻ ማሳ ነው። በመሃሉ እዚህም እዚያም ክብ አረንጓዴ ነጥብ አለ። ነጥቡን አቅርባችሁ ስታዩት መሃሉ ላይ ክብ ጣሪያ ይወጣል። ቤተ ክርስቲያን ነው። በደቡብ ጎንደር ብቻ እንዲህ ያሉት ከ1,000 በላይ ናቸው።

ለእኛ ይኼ አዲስ አይደለም። ሩቅ መንገድ ላይ ደን ሲታይ «ታቦት አለ» ብሎ ከሩቁ የማይሳለም ማን አለ? አባቶች ደኑን የቤተ ክርስቲያን ልብስ ይሉታል። አያቴ ማገዶ አልቆባት እንኳ ከዐፀዱ የወደቀ ጭራሮ አታነሳም ነበር። ማንም አይቀጣትም፤ ግን አታነሳም።

ዓለማየሁ ይህን የታወቀ ነገር ወደ ጥያቄ ለወጡት። እ.ኤ.አ. በ2002 በስዊድን የግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት የማስተርስ ጥናት፣ በ2007 በኔዘርላንድ ዋኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ሥራ፣ ሁለቱም በእነዚሁ ደኖች ላይ ናቸው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ለዶክትሬታቸው 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን መረጡ። ሁለት ሄክታር የማይሞላም አለ፤ መቶ ሄክታር የሚደርስም አለ። አንዳንዱ ከጣና ዳርቻ እምብዛም በማይርቅ ከፍታ ላይ፣ አንዳንዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ደጋ ላይ ነው። በ28ቱ ውስጥ 168 የእንጨትነት ባሕርይ ያላቸው ዝርያዎች ተመዘገቡ፤ ዛፍ፣ ቁጥቋጦ፣ ሐረግ። አብዛኞቹ አገር በቀል ናቸው።

ከቁጥሩ ይበልጥ የገረመኝ ሌላ ነው። ደኖቹ አይመሳሰሉም። የዝርያ ስብጥራቸውን ከሁሉ በላይ የሚወስነው ከፍታ ነው፤ የቆላውና የደጋው ደን የተለያየ ነው። ስለዚህ «አንድ ትልቅ ደን ካዳንን ይበቃል» የሚለው ስሌት አይሠራም። እያንዳንዱ ነጥብ ሌላው ውስጥ የሌለ ነገር ይዟል።

አፈር የማያስቀምጠው

የሶፍትዌር ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይሄ ነገር ቢጠፋ ባክአፕ አለው ወይ?

የደን ባክአፕ ሊሆን የሚችለው አፈር ውስጥ ያለ ዘር ነው። ብዙ አረምና ሣር ዘሩን አፈር ውስጥ ለዓመታት አቆይቶ፣ ቀን ሲወጣለት ይበቅላል። ገበሬ ይህን ያውቃል፤ ስንት ጊዜ ያረመው ማሳ በሚቀጥለው ክረምት ያንኑ አረም ያበቅልበታል። ታዲያ ዝግባና ጥቁር እንጨት ቢቆረጡ፣ እነሱስ እንዲሁ ከአፈር ይነሳሉ?

በዚህ ጥያቄ ላይ ቀድመው የሠሩት ደምል ተከታይ ናቸው። በ1990ዎቹ በኢትዮጵያ ደረቅ የደጋ ደኖች የዘር ሥነ ምህዳር ላይ ሰፊ ጥናት አድርገዋል። በኋላ ከዓለማየሁ ጋር ሆነው በቤተ ክርስቲያን ደኖች ውስጥ አፈር እየቆፈሩ የሚበቅለውን ቆጠሩ። በ2006 የወጣው ውጤት ተስፋ የሚሰጥ አልነበረም። ከአፈሩ የበቀለው በብዛት ሣርና ቅጠላ ቅጠል ነው። ከላይ የቆሙት ትልልቅ ዛፎች ግን አብዛኞቹ አፈር ውስጥ ያስቀመጡት ዘር የለም።

ለምን? ቀጣዮቹ ጥናቶች መለሱት። መሬት ላይ የወደቀን ዘር አይጥና ሌሎች ዘር በሎች ይቀራመቱታል። የተረፈውም አፈር ውስጥ ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ የእነዚህ ዛፎች መንገድ አንድ ብቻ ነው፦ ዘር ይወድቃል፣ ቶሎ ይበቅላል፣ ችግኝ ሆኖ በእናቱ ጥላ ሥር ዓመታት ይጠብቃል። የደኑ ባክአፕ ያለው አፈር ውስጥ ሳይሆን ከመሬት በላይ፣ ከጉልበት በታች ባለው ችግኝ ላይ ነው።

እዚያ ጉልበት ሥር ደግሞ ከብት አለ። ዓለማየሁና ባልደረቦቻቸው ጽድ፣ ሎል፣ ጥቁር እንጨትና ወይራ ይዘው በታጠረና ባልታጠረ ቦታ ሞከሩ። ውጤቱ በ2009 ታተመ። ከብት የሚገባበት ቦታ ላይ መብቀልም፣ መትረፍም፣ ማደግም ተጎዳ። ከብቱ ይግጣል፤ ሲረግጥ ደግሞ አፈሩን ያጠብቀዋል፣ የበቀለውን ይጨፈልቀዋል።

አደጋው የማይታየው ለዚህ ነው። ማንም ዛፍ አልቆረጠም። ቄሱም፣ ምእመኑም፣ እረኛውም ሕጉን አክብረዋል። ቀና ብሎ ላየው ደኑ እንደ ድሮው ነው፤ ጎንበስ ብሎ ለቆጠረው ግን ተተኪ የለውም። የጣናን እምቦጭ አስታውሱ። በ2011 ሐይቁ ላይ ከታወቀ በኋላ ውሃውን ሲሸፍነው ሁሉም አየው፤ ስንቱ ገበሬና ተማሪ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ። የመጣ ነገር ይታያል። ያልበቀለ ችግኝ ግን ዜና አይሆንም፤ እንደጎደለ የሚታወቀው ቆጥሮ የመዘገበ ሰው ካለ ብቻ ነው።

ካርቦኑ የት ነው ያለው?

የዛፍ ክብደት በሚዛን አይለካም። መለኪያ ሜትር ይዘህ ግንዱን ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ደረት ላይ ማለት ነው፣ ትለካለህ። ቁመቱን ትገምታለህ፤ የእንጨቱን እፍጋት ከሠንጠረዥ ትወስዳለህ። ከዚያ ቀመር ውስጥ ታስገባለህ። ዛሬ በሐሩር አገሮች በሰፊው የሚሠራበት ቀመር ጄሮም ሻቭ የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2014 ያወጡት ነው። የእንጨት እፍጋት፣ የዲያሜትር ካሬና ቁመት ይባዛሉ፤ ውጤቱ ወደ 0.976 ኃይል ከፍ ይላል፤ በመጨረሻ በ0.0673 ይባዛል። የሚገኘው የደረቅ እንጨቱ ክብደት በኪሎ ነው። ከዚያ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው።

ሦስት መስመር ኮድ ጻፍኩና ሞከርኩት። እፍጋቱን 0.6 ላድርገው። ዲያሜትሩ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 15 ሜትር የሆነ ዛፍ 770 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ዲያሜትሩ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 4 ሜትር የሆነ ለጋ ዛፍ ደግሞ 3.7 ኪሎ ግራም ገደማ። አንዱን ትልቅ ዛፍ ለመተካት ከ200 በላይ ለጋ ዛፎች ያስፈልጋሉ ማለት ነው፤ ያውም ከችግኝነት አልፈው አራት ሜትር የደረሱ። ትልቁ ዛፍ ዲያሜትሩ 80 ሲሆን፣ ቁመቱ ባይጨምር እንኳ፣ ክብደቱ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደተተከለ መንግሥት ገልጾ ነበር። መትከል መልካም ነው። የካርቦን ሒሳቡ ግን ችግኝ በመትከል ቀን አይዘጋም፤ የሚዘጋው ችግኙ ዛፍ ሲሆን ነው። ዛፍ የሆነው ደግሞ አሁን በየዐፀዱ ቆሟል።

ከግንዱ ሌላ አፈሩ አለ። በዓለም ደረጃ አፈር የያዘው ካርቦን፣ አየሩና ዕፀዋቱ አንድ ላይ ከያዙት ይበልጣል። በደን ውስጥ ቅጠል ይረግፋል፣ ሥር ይሞታል፣ ደቂቅ ተሕዋስያን ያብላሉታል፤ ከፊሉ ተመልሶ ወደ አየር ሲወጣ ከፊሉ አፈር ውስጥ ይቀራል። መሬቱ ሲታረስ ግን የሚገባው ይቀንሳል፤ የተገለባበጠው አፈር ውስጥ ያለውም ቶሎ ይበላል፤ የላዩን አፈር ጎርፍ ይወስደዋል። የጉማራን ወንዝ በክረምት ያየ ሰው ያንን አፈር ወደ ጣና ሲወርድ አይቶታል።

የ40 በመቶው ተረት

ትምህርት ቤት የተማርነው ታሪክ አጭር ነው፦ ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ 40 በመቶ ደን ነበር፣ ከዚያ ሁሉም ተጨፈጨፈ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ብቻ ተረፈ። የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካን በ1997 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን ትረካ ሞግተዋል፤ ቁጥሩ ከሪፖርት ወደ ሪፖርት እየተገለበጠ እውነት ሆነ እንጂ ማስረጃው ደካማ ነው ብለው።

ከማኅደር የሚበልጥ ማስረጃ ሐይቅ ሥር አለ። በየዓመቱ ደለልና የአበባ ብናኝ ይወርዳል፤ በንብርብር ይቀመጣል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሙሐመድ ዑመር ከእንግሊዝ ባልደረቦቻቸው ጋር በወሎ ሐይቅና ሐርዲቦ ሐይቆች ያገኙት፣ በ2003 የታተመው ውጤት እንዲህ ይላል። ደኑ በብዛት የተመነጠረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ500 ገደማ ነው። ከዚያ ለ1,800 ዓመታት ያህል አገሩ ክትክታና ሣር ነበር። ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ጽድና ወይራ ተመልሰው መጡ። ከዚያ እንደገና ተመነጠረ።

ጣናም የራሱን ተናግሯል። ሄንሪ ላም፣ ሙሐመድ ዑመር፣ የዓሣ ተመራማሪው እሸቴ ደጀንና ሌሎች በ2007 ባሳተሙት ጥናት መሠረት ከ18,700 እስከ 16,700 ዓመት በፊት ባለው ዘመን ጣና ደርቆ ነበር። ዛሬ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ውሃ የተኛበት ቦታ ደረቅ መሬት ሆኖ ያውቃል። ቀጥሎ መሃሉ የደንገል ረግረግ ሆነ። ውሃው ሞልቶ ወደ ዓባይ መፍሰስ የጀመረው ከ14,750 ዓመት ገደማ በፊት ነው። የአየር ንብረት ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ታንኳ የሚሠራበት ደንገል የዛሬው ሐይቅ ከመሙላቱ በፊት እዚያ ነበር።

ታዲያ ይህ ሁሉ «ተፈጥሮ ራሷ ትመልሰዋለች» ማለት ነው? አይደለም። ደን ሲመለስ ዘር ከየት ያመጣል የሚለውን ከላይ አይተናል። አፈሩ አያስቀምጥም። የሆነ ቦታ የቆመ እናት ዛፍ፣ ዘሩን የሚያደርስ ወፍ ያስፈልጋል። የ1400ዎቹ ደን ሲመለስ ዘሩ ከየት እንደመጣ ብናኙ አይነግረንም። ቀጣዩ ደን የሚመለስ ከሆነ ግን የእናት ዛፉ አድራሻ ዛሬ በሳተላይት ላይ ይታያል።

ሌላም ምስል አለ። ጣልያን በወረራው ዘመን፣ በ1938፣ ከአውሮፕላን ያነሳቸው ፎቶዎች አሉ። የኮልጌት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ከእነሱም ካትሪን ካርዴሉስ፣ እነዚህን ፎቶዎች ከኋለኞቹ እስከ 2015 ድረስ አነጻጽረው በ2017 አሳትመዋል። የቤተ ክርስቲያን ደኖቹ ስፋት በአመዛኙ እንዳለ ነው። የጠፋው በዙሪያቸው የነበረው ቁጥቋጦና ግጦሽ ነው። በ1938 ደኑ ቀስ እያለ ወደ ቁጥቋጦ፣ ቁጥቋጦው ወደ መስክ ይሸጋገር ነበር። ዛሬ ዛፉ ባለቀበት እርሻው ይጀምራል።

ይህን ፎቶ ሳይ የካቲት 1967 ዓ.ም. ትዝ ይለኛል። የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን ቤተ ክርስቲያን ሰፊ ይዞታዋን አጣች፤ የቀራት ዐፀዱ ነው። ያን አዋጅ ያነሳው ግፍ እውነተኛ ግፍ ነበር፤ ጭሰኛ ሆኖ የኖረ ገበሬ ለደን አያለቅስም። ግን ደኑን ከከብት የሚከልለው ያ ዙሪያ ገብ ቁጥቋጦ በአዋጅም፣ በሕዝብ ብዛትም፣ በእርሻ ጥበትም ሲጠፋ ተኪ አልተበጀለትም።

ድንጋይ

ተኪው የመጣው ከድንጋይ ነው። ዓለማየሁ ሜክሲኮ በተካሄደ የሐሩር ክልል ሥነ ሕይወት ጉባኤ ላይ ከአሜሪካዊቷ የዛፍ ጫፍ ተመራማሪ ሜግ ሎውማን ጋር ተገናኙ። በኋላ ካህናትን ሰብስበው የደኖቻቸውን የሳተላይት ምስል አሳዩአቸው። በእግር ሲያዩት የማይታወቀው ጥበት ከላይ ሲታይ ግልጽ ነው። ከውይይቱ የወጣው መፍትሔ ቀላል ነበር፦ በደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ። ድንጋዩ የሚለቀመው ከአጎራባች ማሳ ስለሆነ ገበሬውም ማሳው ይጸዳለታል። በር ይኖረዋል፤ ሰው ይገባል፣ ከብት አይገባም።

ሐሳቡ የሚያስደስተኝ ማንንም ሳይከስ ስለሚሠራ ነው። የአጥር ሙከራው በቁጥር ያሳየውን ካህኑና ገበሬው በካብ ሠሩት። ግን ካብ ሁሉን አይከለክልም። ካርዴሉስና ባልደረቦቿ እንደመዘገቡት፣ ብዙዎቹ ደኖች ውስጥ መንገድ፣ መቃብር፣ አዲስ ሕንፃና ምንጣሮ አለ። ባሕር ዛፍም አለ፤ ቶሎ ያድጋል፣ ይሸጣል፣ ቤተ ክርስቲያንም ገንዘብ ያስፈልጋታል። ከካቡ ውስጥ ያለውን ሰው ካብ አይመልሰውም።

የዘጌ ታሪክም ይህን ያስታውሰናል። ከባሕር ዳር በጀልባ የሚደረስበት ይህ ልሳነ ምድር በቡናና በገዳማቱ ደን የታወቀ ነው። በትውፊቱ መሠረት ቡናውን ያመጡት አቡነ በትረ ማርያም ናቸው፤ በሬ ጠምዶ ማረስም የተከለከለ ነው። ደኑ የቆየው በዚህ ሥርዓት ነው። የታሪክ ምሁሩ አብዱሰመድ አህመድ በ1996 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ ከ1900 እስከ 1935 በዘጌ ቡና ላይ የባሪያ ጉልበት ይሠራ እንደነበር ጽፈዋል። ቱሪስት የሚጎበኘው ያ ጥላ የጸሎትም የግፍም ታሪክ አለው። ደን ሁልጊዜ በሰው ጉልበት ነው የሚጠበቀው፤ የማን ጉልበት እንደሆነና ምን እንደተከፈለው መጠየቅ የታሪክ ጸሐፊ ሥራ ነው።

የዓለማየሁን ሥራ ከሌላው የለየው፣ እኔ እንደማየው፣ ይኼን ጉልበት ማክበሩ ነው። ካህኑን «የማያውቅ» ብሎ አልጀመረም፤ ካህኑ የጠበቀውን ቆጥሮ፣ የጎደለውን ለራሱ ለካህኑ ነገረው። «እመጓ»ን የወደደ አንባቢ ይህን ጠባይ ያውቀዋል። የገዳም መንገድ በእግር የሚሄድ፣ ሲደርስ የሚጠይቅ ሰው ነው እዚያም ያለው።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ጽድ ለማደግ የሚፈልገው ዕድሜ ከአንድ ተመራማሪ የሥራ ዘመን ይረዝማል። ያኔ የተለካው ግንድ በየዓመታቱ እንደገና ካልተለካ፣ ካቡ መሥራቱን ወይም አለመሥራቱን በእርግጠኝነት የሚነግረን የለም። ለዚህ ወጣት ተመራማሪ፣ መለኪያ ሜትር፣ ማስታወሻ ደብተርና ወደ ገጠር የሚያስገባ መንገድ ያስፈልጋል፤ መንገዱ ደግሞ ሰላም ይፈልጋል። የእኔ ዓይነቱ ሰው መረጃውን ማደራጀት፣ ካርታውን መሥራት ይችላል። ችግኙን ጎንበስ ብሎ የሚቆጥር ሰው ከሌለ ግን ካርታው ላይ ያ አረንጓዴ ነጥብ፣ የመጨረሻዎቹ ትልልቅ ዛፎች እስኪወድቁ ድረስ፣ ጤነኛ ሆኖ ይታያል።